የአቶ ገሰሰ ማተቤ ዜና ሕይወትና ያልተወራው ገመድ

የዕድሜን ልክ ሰፍሮ የሚሰጥ፣ ሰፍሮም የሚወስድ አምላክ ስሙ የተመሰገነ ይሁንና፣ ዛሬ የካቲት 14 ቀን 1982 ዓ.ም. ከመተማ ዮሐንስ፣ ከሸኽዲ፣ ከአብርሃ ጅራና ከአብደራፊ ሐሩሩና አቧራው ሳይበግራችሁ አቶ ገሰሰ ማተቤን ለመሸኘት በዚህ ቅጽር የቆማችሁ ሁሉ፣ እግዜር ይስጣችሁ፤ ብድራችሁን ቤተ ዘመዱ በደስታ ይመልስላችሁ። ሙት አይወቀስም ይባላል፤ እውነት ነው፣ ሌላ ሰው አይወቅሰውም። ሟቹ ግን ራሳቸውን ወቅሰው፣ ድምፃቸው ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ለታላቅ እኅታቸው ለአሰፋች «የጓንግን ነገር በሹፌሮቹና በልጄ ፊት ሳታነቢ አፈር እንዳታለብሱኝ» ብለው አዘዋልና፣ ስለ ትውልዳቸውና ስለ ሥራቸው ከተነገረ በኋላ ስለ ጓንግ ይነገራል። በሣጥኑ ላይ የተጠመጠመውን አሮጌ ገመድ እያያችሁ ስትጠቃቀሱ ታይታችኋል፤ እሱም ይደረስበታል። የቸኮለ ሹፌር ካለ ሞተሩን ያጥፋ፤ ናፍጣውም ይተርፈዋል።

አቶ ገሰሰ ከአባታቸው ከአቶ ማተቤ ደሞዝና ከእናታቸው ከወይዘሮ አየሁሽ ፈንቴ በ1925 ዓ.ም. በጭልጋ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ሲደርስ ከደብሩ መሪጌታ ዘንድ ፊደል ቆጥረው፣ ንባብ ለይተው፣ ዳዊት ለመድገም ተቃርበው ሳለ፣ ጣሊያን ጥሎት የሄደውን የጭነት መኪና ነጋዴዎች ገዝተው በጭልጋ ቁልቁለት እየነዱ ወደ ቆላ መውረድ ስለ ጀመሩ፣ የተማሪው ጆሮ ከመዝሙሩ ወጥቶ ከመንገዱ ገባ። መሪጌታም ሦስት ጊዜ መክረው፣ ሁለት ጊዜ ገርፈው በመጨረሻ «አቶ ማተቤ፣ ይህ ልጅ ዳዊቱን የሚደግመው ዳገት እንደሚወጣ ሞተር እያጓራ ነው፤ ወይ ሞተሩን አውጡለት፣ ወይ ልጁን ውሰዱልኝ» ብለው ለአባታቸው አስረከቧቸው። አባታቸውም «የእኛ ዘር ማረሻ እንጂ ጎማ አያውቅም» ብለው ሁለት ክረምት ከበሬ ኋላ ቢያስከትሏቸው፣ በሦስተኛው ክረምት ልጅ ገሰሰ በሬዎቹን ከነቀንበራቸው አቁመው ከሐማሴን በመጡ አንድ ሹፌር መኪና ላይ ተንጠልጥለው ጎንደር ገቡ። ያን ዕለት በሬዎቹን ፈትታ ወደ ቤት የመለሰቻቸው እኅታቸው ናት፤ ምስጋናውን እስካሁን አላገኘችም።

ስምንት ዓመት ጎማ ሲያነሡ፣ ፍሬን ሲያበጁ፣ ከመኪና ሥር ሲያድሩ ኖረው በ1948 ዓ.ም. መንጃ ፈቃድ አወጡ። መተማ ወርደው የሰው መኪና እየነዱ ሰሊጥና ጥጥ ወደ ጎንደር፣ ጨውና ሸቀጥ ወደ ቆላ ሲያመላልሱ ከርመው፣ በ1950 ዓ.ም. ከወይዘሮ ውባንች እንግዳው ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጸሙ። ሦስት ዓመት ቆይተውም ያንን ሁላችሁም የምታውቁትን ትሬንታ ኳትሮ የሚሉትን የጭነት መኪና፣ ጣሊያን ራሱ የጠላውን ብረት፣ በሌላቸው አቅም ገዝተው «እመቴ» ብለው ስም አወጡላት። እመቴ ስትነሣ መተማ ከእንቅልፉ ይነሣ ነበር፤ ማዶ በገላባት ያሉ ሱዳናውያን ሹፌሮች እንኳ ጭሷን አይተው ሰዓት ይናገሩ ነበር ይባላል። የሞተሯ ማስነሻ ቀድሞ ስለ ሞተ አቶ ገሰሰ ማታ ማታ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለት አዙረው፣ ድንጋይ ከጎማዋ ሥር አስደግፈው ያቆሟታል፤ ጧት ድንጋዩን አንሥተው፣ ማርሽ አስገብተው፣ እየተንደረደረች ስትነሣ እንደ ሙሽራ አባት ደረታቸውን ይነፋሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ውባንች «ለእኔ ጎን እንዲህ ድንጋይ አስደግፈውልኝ ቢያውቁ» ይሏቸው ነበር፤ እሳቸውም ሰምተው አያውቁም።

እነሆ ጓንግ ወንዝ ተደረሰ።

በ1956 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ወይዘሮ ውባንች የመጀመሪያ ልጃቸውን ፀንሰው፣ ከወንዙ ማዶ ካለው የወላጆቻቸው የሰሊጥ እርሻ ሳሉ ምጥ ያዛቸው፤ ምጡም ጠንቶ ሁለተኛ ቀኑን ያዘ። ሐኪም ያለው መተማ ነው፤ በመካከል ደግሞ ጓንግ ሞልቷል። እዚያው አብረዋቸው የነበሩት አቶ ገሰሰ ባለቤታቸውን በእመቴ ጭነው ያንን ወንዝ ተሻገሩ፤ ወዲህ ዳር እንደ ወጡም ሐኪም ሳይደርስ፣ ከጋቢናው ውስጥ፣ ፀሐዩ ተወለደ። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው።

አቶ ገሰሰ ይህንን ታሪክ መተማ ካለው ከቁርቁራው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሃያ ሦስት ዓመት አወሩት። ሲያወሩትም «እንደ ደረስሁ ገባሁ! ውኃ እንዳትረጭ የማራገቢያዋን ቀበቶ፣ ቺንጋዋን ፈትቼ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብቼ፣ እግሬን ከነዳጅ ሳላነሣ፣ ፊቴን ሳላዞር ገባሁ! ናፍጣ ጠላቱ አየር እንጂ ውኃ አይደለም፤ ቤንዚን ነው ውኃ አይቶ የሚያለቅስ» ይሉ ነበር። ዙሪያውን የተቀመጡት ጎረምሶች ያጨበጭባሉ። በ1969 ዓ.ም. ጦርነት እዚህ ደርሶ አዳዲሶቹ መኪኖች ለዘመቻ ሲወሰዱ እመቴን ዞር ብሎ ያያት ስላልነበረ፣ ኋላም የጭነት መኪኖች በማኅበር ሲደራጁ የመጡት ጓዶች «ይህችማ ለሙዚየም ናት» ብለው ስለ ተዋት፣ ያረጀ ናፍጣ መውደድ በመተማ ጎረምሶች ዘንድ እንደ ሃይማኖት ሆነ። ከአባቱ ዕድሜ የምትበልጥ መኪና ያልነዳ ልጅ ሹፌር አይባልም፤ ጢሷ ያላጠቆረው ጥርስ ሲስቅ አያምርም። ጳጳሱ ደግሞ ከቁርቁራው ሥር ያሉት አቶ ገሰሰ ነበሩ።

ከጎረምሶቹ ሁሉ ይልቅ ያንን ወሬ እንደ ጸሎት የያዘው ራሱ በወሬው ውስጥ የተወለደው ፀሐዩ ነው። አባቱ መምህር እንዲሆን ይሹ ነበርና ጎንደር ልከው አሥራ ሁለተኛ ክፍል አስጨረሱት። ነገር ግን በአፋቸው «ትምህርትህን ያዝ» ይሉታል፣ በዓይናቸው መሪዋን ያሳዩታል፤ የዓይን ትምህርት ደግሞ ከአፍ ይልቃል። ልጁ ደብተሩን አስቀምጦ መሪ ጨበጠ። አቶ ገሰሰ በሰው ፊት ተቆጡ፤ ቤት ገብተው ግን ጠጅ አስቀዱ።

አሁን አቶ ገሰሰ ሲያወሩ የተዉት ይነገር።

በ1956 ዓ.ም. እንደ ደረሱ አልገቡም። እኅታቸው አሰፋች ለማዋለድ እዚያው ነበረች፤ ያየችው እሷ ብቻ ናት፤ ወይዘሮ ውባንች ያን ጊዜ በምጡ ጭንቅ በዙሪያቸው የሚሆነውን አያውቁም። አቶ ገሰሰ እመቴን ከወንዙ ዳር አቁመው፣ አርባ ክንድ ገመድ በወገባቸው አስረው፣ ጫፉን ለእኅታቸው አስይዘው፣ ሱሪያቸውን አውልቀው፣ ጓንግን በእግራቸው ገቡት። አንድ ጊዜ ወሰዳቸውና እኅታቸው እንደ ጥጃ ጎትታ አወጣቻቸው፤ መዳፏ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያን ቀን ነው። ሁለተኛ ገቡ፣ ሦስተኛ ገቡ። ጉድጓዱን፣ አሸዋውን፣ ድንጋዩን በእግር ጣታቸው ለይተው፣ በግራም በቀኝም ሽመል ተከሉ፤ በየሽመሉም ጫፍ ከእኅታቸው ነጠላ ተቀዶ ምልክት ታሰረ። ግማሽ ቀን ፈጀ። የሚስታቸው ጩኸት ከኋላ፣ የጓንግ ጩኸት ከፊት፤ እሳቸው በመካከል እየተንቀጠቀጡ፣ አዎን እየተንቀጠቀጡ፣ መንገድ ሠሩ። ከዚያ በኋላ ነው በእመቴ በሽመሎቹ መካከል የተሻገሩት።

ይህ ከድፍረት አያንስም፤ ይበልጣል እንጂ። ነገር ግን አቶ ገሰሰ ቺንጋ መፍታቱ ብልኀት ስለሚመስል እሱን አወሩ፤ ሱሪ አውልቆ በገመድ መታሰሩ ፍርሃት ስለሚመስል እሱን ተዉ። እኅታቸውም ተቀምጣ ሰማች፤ የቤት ወሬ ሲያምር ማን ያበላሸዋል ብላ፣ በወንድሟ ኮርታ፣ ዝም አለች። ገመዱ ከጎተራው ሥር ተንጠልጥሎ ሃያ ሦስት ዓመት ኖረ።

በ1979 ዓ.ም. ነሐሴ 9 ቀን፣ ፀሐዩ ከጓንግ ማዶ ካለው እርሻ ላይ ነበር። ለአረም ከደጋ የወረዱ የቀን ሠራተኞች ወባ ጥሏቸው፣ ዘጠኙ መቆም አቅቷቸው፣ ከማዶ ወዲህ የሚያሻግራቸው ጠፋ። አንድ የትምህርት ቤት ዘበኛ ከቀትር በኋላ መተማ ደርሶ «ፀሐዩ ሕሙማኑን በእመቴ ጭኖ በጓንግ ሊመጣ ነው» ሲል፣ ከቁርቁራው ሥር የነበሩት ሁሉ «የአባቱ ልጅ!» ብለው ተነሡ። አቶ ገሰሰ ግን አላጨበጨቡም። ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ወደ ጎተራው ሮጠው ገመዱን አወረዱና በእግራቸው ወደ ወንዙ በረሩ፤ እኅታቸው ነጠላዋን እንኳ ሳታደርብ ተከተለቻቸው። ሰው የማያውቀውን ነገር ይዞ አይሮጥም፤ ይህን ልብ በሉ።

ሲደርሱ እመቴ ከማዶ ቁልቁለቱን ትወርዳለች። ወንዙ ደፍርሶ፣ ግንድ ተሸክሞ፣ እንደ ተቆጣ በሬ ያጓራል። አቶ ገሰሰ ከዳር ቆመው «በእግርህ! መጀመሪያ በእግርህ ግባ!» ብለው ጮኹ፤ ድምፃቸውን ጓንግ በላው። ፀሐዩ አባቱን ከወዲህ ዳር ቆመው ባየ ጊዜ፣ ይመርቁኛል ብሎ፣ በጋቢናው መስኮት እጁን አውጥቶ አውለበለበና ገባ። ቺንጋውን ፈትቷል፤ አንደኛ ማርሽ ነው፤ እግሩን ከነዳጅ አላነሣም፤ ፊቱን አላዞረም። የተነገረውን ሁሉ አንድም ሳያጓድል ፈጸመ። ያልተነገረውን ከየት ያምጣው?

ወንዝ ደግሞ አልጋውን ይገለብጣል። በ1956 አሸዋ የነበረው ጉድጓድ ሆኗል። እመቴ መካከል ስትደርስ የፊት ግራ ጎማዋ ሰመጠና ጋደል ብላ ቆመች፤ ውኃው እስከ መስኮቷ ወጣ፤ ሞተሯ ግን፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ አልጠፋም። ፀሐዩ እግሩን ካነሣ እንደሚጠፋ፣ ከጠፋም ውኃው እንደሚያዞራት ዐውቆ፣ እስከ ደረቱ ተዘፍቆ መሪውን ይዞ ቀረ። አቶ ገሰሰ በሃምሳ አራት ዓመታቸው ያንኑ ገመድ በወገባቸው አስረው፣ ጫፉን ለዚያችው እኅታቸውና ለሹፌሮቹ ሰጥተው ገቡ። ከመኪናው ላይ ደግሞ ሕሙማኑን አንድ በአንድ እያነሣ የሚያቀብላቸው አንድ ልጅ ነበር፤ አዱኛ ይባላል፣ የወሎ ልጅ ነው። እሱ አልታመመም፤ የታመመ ያገሩን ልጅ አላስቀርም ብሎ ነው የተሳፈረው። አንደኛው ወጣ፣ ሦስተኛው ወጣ፣ ስድስተኛው ወጣ። አቶ ገሰሰ «አንተም ና!» ሲሉት «ሦስት ይቀራሉ አባባ፣ ውኃው አይቸኩልብዎ» አላቸው፤ በዚያ ሰዓት ቀለደ። ዘጠነኛው በአቶ ገሰሰ ትከሻ ላይ ሳለ ግንድ መጥቶ እመቴን ከጎኗ መታት፤ አዱኛም ከላይዋ ወደቀ። ፀሐዩን አባቱ በኮሌታው ይዘው አወጡት። አዱኛን በማግሥቱ ከታች አገኙት፤ እዚሁ ቅጽር ውስጥ፣ ከምሥራቁ በር አጠገብ አረፈ። እመቴን ትራክተር ጎትቶ አወጣት፤ በአራተኛው ቀን፣ ማፈሪያ የላት፣ ተነሣች።

ከዚህ ይልቅ የከፋው ግን ከወንዙ በኋላ የመጣው ነው። በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ምርመራ ተደረገ፤ ከዚህ የቆማችሁት አብዛኞቻችሁ በመስኮቱ ተደርድራችሁ ሰምታችኋል። መርማሪው ፀሐዩን «ወንዙን በእግርህ ፈትሸህ ነበር?» ብሎ ጠየቀው። «አልፈተሽሁም፤ አባቴም አልፈተሹም፣ እንዲሁ ነው የተሻገሩት» አለ። መርማሪው ዞሮ «እውነት ነው አቶ ገሰሰ?» አለ። አቶ ገሰሰ ልጃቸውን አዩ፤ መስኮቱን አዩ፤ በመስኮቱ የተደረደረውን ጎረምሳ ሁሉ አዩ። እኅታቸው ከበሩ ሥር ተቀምጣ መዳፏን ጨበጠች። እሳቸውም «እውነት ነው፤ እኔ እንደ ደረስሁ ነው የገባሁት። ልጁ መሪ ሳተ» አሉ።

ፀሐዩ አንገቱን ደፋ። እኅታቸውም ዝም አለች፤ የእሷም ኃጢአት ይጻፍ። ልጁ በቸልተኝነት ስምንት ወር ታስሮ ተፈታ፤ ከዚያ ወዲህ መሪ አልነካም። አብደራፊ ወርዶ በሰሊጥ መጋዘን ጆንያ ተሸካሚ ሆነ። እናቱ ሄደው «ምነው ልጄ፣ አባትህን ተቀየምሃቸው?» ሲሉት «ኧረ እኔ ምን ቆርጦኝ! እሳቸው ወንድ ናቸው፣ ተሻገሩ፤ እኔ ሰው ገደልሁ። በየት ዓይኔ አያቸዋለሁ?» አላቸው። ወይዘሮ ውባንች ይህን ቃል ለባለቤታቸው ያደረሱ ዕለት አቶ ገሰሰ እራት አልበሉም፤ የቁርቁራው ሥር ወሬም በዚያው ቀረ።

ከምርመራው በኋላ ያለውን ሁለት ዓመት ተኩል በምን ቃል ይነገር? በማኅበር ቀን ከጽዋው በኋላ ሊናገሩ ተነሥተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ዝናቡ ዘንድሮ ዘገየ» ብለው ተቀመጡ። አንድ ቀን እመቴን አስነሥተው አብደራፊ ድረስ ነዱ፤ ልጃቸው ሁለት እጥፍ ጎብጦ ጆንያ ሲሸከም ከሩቅ አዩና፣ ሳይወርዱ፣ መኪናዋን አዙረው ተመለሱ። ለነፍስ አባታቸው ተናዘዙ፤ ቄሱም «ሐሰቱን በሰሙት ሰዎች ፊት እውነቱን ተናገር፤ ቀኖናህ ይኸው ነው» አሏቸው። «እሺ አባቴ፣ ለጥምቀት» አሉ። ጥምቀት ሄደ። «ለዳግማይ ትንሣኤ» አሉ። እሱም ሄደ። ኩራት ከጓንግ ይጠልቃል፤ በርሱ ላይ ደግሞ ሽመል የተከለ የለም።

በ1981 ዓ.ም. ክረምት ጉሮሯቸው ላይ እብጠት ወጣ። ጎንደር ሆስፒታል ተኝተው የሚደረገው ሁሉ ቢደረግላቸውም፣ ድምፃቸው እየሰለለ ሄዶ ታኅሣሥ ላይ ሹክሹክታ ብቻ ቀረ። ሃያ ሦስት ዓመት ያለ ልክ ያወራ ጉሮሮ፣ እውነቱን ሊያወራ ሲል ተዘጋ። ያን ጊዜ ነው እኅታቸውን ጠርተው ያዘዟት። አሰፋች ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ጥርሷ ከረገፈ በኋላ ነው፤ ይህ ጽሑፍ የተወላገደ ቢሆን ጥፋቱ የእጇ ነው። እያንዳንዱን መስመር ጽፋ ስታነብላቸው እጃቸውን ከእጇ ላይ አኑረው፣ ልክ ሲሆን ይጨብጧታል፣ ባጎደለች ጊዜ ይቆነጥጧታል። «መሪ ሳተ» የሚለውን ልትዘለው ብትሞክር ቆነጠጧት። ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ወደ ጎተራው በጣታቸው አሳዩ፤ ገመዱ መጣ። የካቲት 12 ቀን ንጋት ላይ፣ ገመዱ በደረታቸው ላይ እንዳለ፣ በተወለዱ በ57 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

አቶ ገሰሰ ለጋስ፣ ለመንገደኛ አዛኝ፣ ሕሙም አይተው የማያልፉ ሰው ነበሩ፤ ይህም እውነት ነው፣ የምትመሰክሩ ብዙ ናችሁ። መቃብራቸው ከአባታቸው ጎን ጭልጋ እንዲሆን አልፈለጉም፤ ከአዱኛ እግር ሥር እንዲሆን ነው የተናዘዙ። በተስካራቸውም፣ በሙት ዓመታቸውም፣ ስማቸው ሲነሣ መጀመሪያ የአዱኛ ስም ይጠራ ዘንድ ነው ቃላቸው።

ከኋላቸው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ውባንች እንግዳውን፣ ታናሽ ሴት ልጃቸውን አለምነሽ ገሰሰን፣ አንዲት ምላሰኛ እኅታቸውንና፣ እዚያ ከአጥሩ ሥር፣ ከሰው ጀርባ ቆሞ የሚያለቅሰውን ልጃቸውን ፀሐዩ ገሰሰን ትተዋል። እናንተ ጎረምሶች፣ አሮጌ ናፍጣ መውደድ ነውር የለውም፤ ታማኝ ናት፣ ሌላው ሲጠፋ አትጠፋም። ነገር ግን መኪና የሚወርሰው ልጅ ወሬውንም ይወርሳልና፣ ለልጆቻችሁ ስታወሩ ገመዱን አትዝለሉ።

አንተም ፀሐዩ፣ ቀና በል። አባትህ ሳይፈትሹ አልገቡም። አንተ የሰማኸውን ሁሉ ፈጸምህ፤ የጎደለው ከሰማኸው ውስጥ ነው እንጂ ከአንተ ወንድነት አይደለም። ይህን የምትሰማው ከአባትህ ነው፤ ድምፁ የአክስትህ ቢሆንም እጁ የእሳቸው ነው። እመቴ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለት አዙራ ከደጅህ ቆማለች፤ ብትሻ ንዳት፣ ብትሻ ሽጣት፤ ገመዱ ግን ያንተ ነው።

ወንዝን ለሕዝቡ ከፍሎ ያሻገረ እግዚአብሔር የአዱኛንና የገሰሰን ነፍስ በአንድነት ተቀብሎ፣ ውኃ ከማይሞላበት ዳር ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም እውነቱን በጊዜው የምንናገርበትን ጉሮሮ ይስጠን፤ አሜን።

እንግዲህ ሣጥኑ ይነሣ። ፀሐዩ ገመዱን ይያዝና ፊት ፊት፣ በእግሩ፣ ይምራን።